ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር ለምን ይንቀጠቀጣል?

ዛሬ ጋራዥ ውስጥ የተፈታው ሞተር ጥንድ ባላንስ ሻፍት (ንዝረት የሚቀንሱ ዘንጎች) ነበረው። ሐሳቡ የእንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ላንቸስተር ነው፤ በ1904 እ.ኤ.አ.! ሁለት ፒስተን ሲወጣ ሁለቱ ቢወርዱም፣ በላይኛው የጉዟቸው ግማሽ ያሉት ፈጠን ስለሚሉ ክራንኩ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ) አንዴ በዞረ ቁጥር ሞተሩ ሁለቴ ወደ ላይና ወደ ታች ይርገበገባል። ላንቸስተር ክብደታቸው ወደ አንድ ጎን ያደላ ሁለት ዘንጎች አስገባ፤ በተቃራኒ አቅጣጫ፣ በክራንኩ ፍጥነት እጥፍ ይዞራሉ። የጎን ግፊታቸው እርስ በርሱ ይጣፋል፣ የላይና የታቹ የፒስተኖቹን ይሽራል። ክራንኩ በደቂቃ 3000 ሲዞር ዘንጎቹ 6000፤ ዘይት ሲያንስ ቡሺናቸው (የሚዞሩበት ቀለበት) ቶሎ የሚበላውም ለዚህ ነው። የሚያዞራቸው ቺንጋ ሲገጠም የማስተካከያ ምልክቱ ከሳተ ደግሞ ንዝረቱ ይብሳል። ክራይስለር በ1931 ፕሊማውዝ መኪናው ላይ በርካሹ መንገድ ሄደ፦ ንዝረቱን ሳያጠፋ ሞተሩን በጎማ ማውንቲንግ (መደገፊያ) ላይ አስቀመጠው።