ቡና የመሰለ ሽንት

ዛሬ የዋልኩት መተማ በረሃ ሰሊጥ ሲያጭድ እባብ ከነደፈው ወጣት አጠገብ ነው። ከደጋ ለቀን ሥራ የወረደ ልጅ ነው፤ የደረሰን በተነደፈ በሁለተኛው ቀን፣ እግሩ እስከ ጉልበቱ አብጦ፣ በገመድ እንደታሰረ ነበር። ደሙን በመስታወት ብልቃጥ ቀድተን 20 ደቂቃ ብንጠብቅም አልረጋም፤ የመርዝ ማርከሻውን ወዲያው ጀመርንለት። እኔን ያስጨነቀኝ ግን እብጠቱ ሳይሆን የሽንት ከረጢቱ ነበር፤ እስከ ማታ የተጠራቀመው ከአንድ ሲኒ አይበልጥም፣ መልኩም ቡና ይመስላል።

የእፉኝት መርዝ ኩላሊትን የሚጎዳው በአንድ መንገድ ብቻ አይደለም፤ ደም የሚያረጉ ንጥረ ነገሮችን ስለሚያሟጥጥ ታማሚው ይደማል፣ የደም ግፊቱ ይወርዳል፣ ኩላሊቱም በቂ ደም ያጣል፤ በዚህ ላይ ከፈራረሱ ቀይ የደም ሴሎችና ጡንቻዎች የሚወጣው ቀለም ቀጫጭን የኩላሊት ቱቦዎችን ይጎዳል። ማርከሻው በደም ውስጥ ያለውን መርዝ ያከሽፋል እንጂ የተጎዳውን ኩላሊት አይጠግንም፤ ሰዓት የምንቆጥረው ለዚህ ነው። ገመዱማ መርዙን አያስቆምም፣ እግሩን ይጎዳል እንጂ።

ማታ ክሬቲኒኑ (ኩላሊት ከደም ሊያጣራው የሚገባው ቆሻሻ) ከፍ ስላለ የኩላሊት እጥበት ወደሚሰጥበት ሆስፒታል ላክነው። አምቡላንስ ውስጥ ሲገባ ቀና ብሎ፣ «ሲስተር፣ ሂሳቤን ሳልቀበል ነው የመጣሁት፤ መቼ ነው የምመለሰው?» አለኝ።