ስድስት ኪሎን ፍለጋ ቱሉ ዲምቱ

ስድስት ኪሎን ፍለጋ ቱሉ ዲምቱ ሄድኩ ስላችሁ ትስቁ ይሆናል። ግን ያስተማሩን ሰዎች ዛሬ ያሉት እዚያ ነው። ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ አያት፣ ጀሞ፣ ሰበታ፣ ለገጣፎ። የመሀል ከተማው ሰፈር ፈረሰ፣ የቤት ኪራይ አልቀመስ አለ፣ ለልጅ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጣለት፣ አባትም ጓዙን ጠቅልሎ ተከተለ። ጸጥታ ይሻለኛል ብሎ በፈቃዱ የወጣም አለ። የሆነው ሆኖ የዩኒቨርሲቲያችንን ነገር ከሥሩ የሚነግራችሁ ሰው ካሻችሁ ታክሲ ሁለት ሦስቴ መቀያየር ነው።

እኔ የምኖረው ዋሽንግተን አካባቢ ነው። መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ የማታ ካሸር ነበርኩ። አብረውኝ የሚያድሩት ሰዎች እነማን እንደነበሩ ብታዩ! አንዱ ኢኮኖሚክስ ያስተማረ ነው። አንዱ የሕግ ምሩቅ። አንዱ ደግሞ በዕድገት በኅብረት፣ ደርግ ተማሪውን ወደ ገጠር በላከበት ዘመቻ፣ ዘምቶ ከዘመተበት ሳይመለስ በሱዳን በኩል የወጣ። ሌሊቱ ረጅም ነው፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ መኪና ብዙ አይመጣም፣ ሰው እንቅልፉን ለማባረር ያወራል። ስለ ስድስት ኪሎ ያኔ እዚያ ምድር ቤት ውስጥ የሰማሁትን ያህል ተማሪ ሳለሁ አልሰማሁም። ማን ከማን ጋር ተጣላ፣ ማን በየትኛው አጥር ዘሎ ፖሊስ አመለጠ፣ የትኛው ፈረንጅ መምህር አማርኛ ሲናገር ክፍሉ በሳቅ ይሞት ነበር። ጠዋት ፈረቃ ሲቀየር ወሬው እዚያው ይቀራል፣ እኛም ወደየቤታችን።

ከእነዚያ ሰዎች ዛሬ ብዙዎቹ የሉም። ቀብር ላይ የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ «ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በማዕረግ ተመርቀው» የምትል አንድ መስመር ትገባለች። በቃ። ያ ሁሉ ሌሊት በአንድ መስመር አለቀ።

ታሪኩን እንሰብስብ የሚለው ሐሳብ የተነሣው እንግዲህ በቀድሞ ተማሪዎች እራት ላይ ነው። ሐበሻ ተሰብስቦ ኮሚቴ ሳያቋቁም አይበተንም፣ ተቋቋመ። ከዚያ የስም ዝርዝር ወጣ። ሚኒስትሮች፣ አምባሳደሮች፣ ትልልቅ ሐኪሞች፣ ባለሽልማቶች። ጥሩ ወረቀት፣ ባለቀለም ፎቶ፣ ጠንካራ ሽፋን። እኔ እጄን አውጥቼ ካፌ ውስጥ ዳቦ ያደሉን ሴቶችስ ብዬ ጠየቅኩ። ሳቁ። የምሬን ነበር።

የታላላቆቹ ታሪክ እኮ ብዙው ተጽፏል። በ1943 ዓ.ም. አራት ኪሎ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ እንደተከፈተ፣ የካናዳው ኢየሱሳዊ (የካቶሊክ ካህን) ዶክተር ሉሲየን ማት እንደመሩት፣ በታኅሣሥ 1953 መፈንቅለ መንግሥት ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ መኳንንቱና ሹማምንቱ እንደተገደሉ፣ በዓመቱ ንጉሡ ያንኑ ግቢ ለዩኒቨርሲቲው እንደሰጡ ማንም አንብቦ ያገኘዋል። የተማሪዎቹን ንቅናቄ መሪዎችም የታሪክ ምሁሩ ፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ ሰብስበው አነጋግረው፣ የተናገሩት ታትሟል። ትልቅ ሥራ ነው። የቀረው የሌላው ሰው ነው። መሪ ያልነበረው፣ ሰልፍ ወጥቶ ከኋላ የሮጠው፣ የመዝገብ ቤቷ ጸሐፊ፣ ዘበኛው፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛው፣ ድምፁን ሳያሰማ አርባ ዓመት ያስተማረው ሰውዬ።

የሚገርመኝ ደግሞ ይሄ ነው። የዩኒቨርሲቲው የታሪክ ክፍል ተማሪዎቹን ለመመረቂያ ጽሑፍ ወደየአገራቸው እየላከ ሽማግሌ አስጠይቋል። ወለጋ፣ ጎጃም፣ ሐረርጌ፣ ከፋ። ብዙዎቹን ጽሑፎች መጨረሻቸው ድረስ ብትገልጡ የተጠየቁት ሰዎች ስም፣ ዕድሜ፣ ቦታ ተደርድሮ ታገኛላችሁ። የገጠሩን አባት እንዲያ ስንጠይቅ የራሳችንን ግቢ አባቶች የጠየቅናቸው ስንቱን ነው?

ወረቀት ላይ ይገኛል የምትሉ ካላችሁ፣ አንድ ነገር አስታውሱ። በቀይ ሽብር ዘመን፣ በ1969 እና በ1970፣ አሰሳ ሲመጣ ሰው በእጁ የነበረውን አቃጥሏል። ደብዳቤ፣ ማስታወሻ ደብተር፣ የንባብ ክበብ ፎቶ፣ የተማሪዎች ማኅበሩ ጋዜጣ። ጓሮ የቀበረም አለ፣ ሽንት ቤት የጨመረም አለ። የአክስቴ ቤት የነበረው የአጎቴ ሻንጣ እንዲያ ነው የጠፋው። ከዚያ ትውልድ ወረቀት የለኝም የሚላችሁ ሰው ግድ የለሽ ሆኖ አይምሰላችሁ። ፈርቶ ነው፣ ፍርሃቱም ልክ ነበር። ስለዚህ የቀረው ጭንቅላታቸው ውስጥ ያለው ነው።

ወደ ቱሉ ዲምቱ ልመለስ። የመጀመሪያ ዓመት መምህሬ አራተኛ ፎቅ ነው የሚኖሩት። አሳንሰር የለም። ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ደረጃው ላይ ጀሪካን ተደርድሯል። ሰማንያ አካባቢ ናቸው፣ በቀን አንዴ ወርደው ይወጣሉ፣ ለጤናዬ ነው ይላሉ። በመስኮታቸው የፍጥነት መንገዱ መግቢያ ይታያል።

«አንቺ ልጅ፣ ይህን ሁሉ አገር አቋርጠሽ እኔን ለመጠየቅ?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ።»

«ዲግሪ ልትጨምሪ ነው?»

ኮሚቴው የሰጠኝን ጥያቄ አወጣሁ። የዩኒቨርሲቲው ለአገር ግንባታ የነበረው ሚና ምን ይመስላል፣ የመሳሰለው። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ልክ የድሮ ሬዲዮ ላይ እንደሚናገር ሰው መለሱልኝ። ሁሉም ትክክል ነው፣ አንዱም የእሳቸው አይደለም። ባለቤታቸው ቡና እያቀረቡ ሰምተው ኖሮ «እሱን ተዪው፣ ፍራሽ ተሸክሞ የሄደበትን ጠይቂው» አሉኝ። እዚህ ጋ ነው ነገሩ የተፈታው።

ፍራሹ የብሔራዊ አገልግሎት ነው። ያኔ ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወጥቶ ማገልገል ነበረበት፣ አብዛኛውም አስተማሪ ይሆናል። ጋሼ የደረሳቸው ጎባ ነው። አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉ ልጅ ናቸው። ፍራሽ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭነው፣ ዝናብ አበስብሶት፣ እርጥብ ፍራሽ ላይ ሳምንት ተኙ። ክፍል ሲገቡ ግማሹ ተማሪ ከእሳቸው በዕድሜ ይበልጣል፣ አንዱ ባለትዳር ነው። «መሬት ላራሹ ተብሎ በ1957 ፓርላማ ፊት ሲጮህ እኔ ገና ሃይስኩል ነበርኩ» አሉ። «በኋላ እኔም ጮኼያለሁ። ግን ጭሰኛ ምን እንደሆነ ያየሁት ጎባ ነው። ያከራየኝ ሰውዬ ጭሰኞቹ ማር ይዘውለት ሲመጡ በር ላይ ያቆማቸው ነበር፣ ግቡ አይላቸውም። እኔን ደግሞ ጋቢ ያለብሰኛል።» ይህቺን ማርና በር በየትኛው ሰነድ ነው የማገኛት? ያ ሁሉ የከተማ ልጅ ለምን እንደተቆጣ ከብዙ መግለጫ ይልቅ ለእኔ ያስረዳችኝ እሷ ናት።

ከዚያ በኋላ ጋሼን የሚያስቆማቸው አልተገኘም። በ1967 ለዚያው ለዕድገት በኅብረት ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ወደ 60,000 የሚሆን ተማሪና መምህር ሲዘምት እሳቸውም ወጣት መምህር ሆነው ዘምተዋል። በ1985 ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስን ጨምሮ ከ40 በላይ መምህራን ከሥራ የተሰናበቱ ጊዜ እሳቸው ቀርተዋል፤ የቀረ ሰው ምን እንደሚሰማው ሲነግሩኝ ቡናው በረደ። ማን ነው የቀረውን የሚጠይቀው? የተባረረው ቢያንስ ስሙ በዝርዝር ላይ አለ።

ስለ ቀይ ሽብሩ አንድ ነገር ነው ጻፊው ያሉኝ። «ስም ስጠራ አቤት የማይል ሲበዛ ስም መጥራት ተውኩ።» ሌላውን ቀድቼዋለሁ ግን አይወጣም። በሕይወት እስካለሁ አታውጪው አሉ፣ ቃሌን ሰጥቻለሁ። በዚህ ጉዳይ ከኮሚቴው ጋር ተጨቃጭቀናል። አንዱ «ታዲያ ምን ሊረባን ቀዳሽው?» አለኝ። ይረባል! ዛሬ ካልተቀዳ ነገ የሚወጣ ነገር አይኖርም።

ሦስት ብሎክ አልፎ ደግሞ እትዬ አሉ። ካፌ ውስጥ ያገለገሉ፣ ጡረታ ከወጡ የቆዩ። ያገናኙን የጋሼ ባለቤት ናቸው፣ አንድ ዕድር ውስጥ ናቸው። እትዬ ስለ ተማሪ ረብሻ ያላቸው ዕውቀት ከማንም የተለየ ነው። «ዳቦ ይነግረኛል» አሉኝ። ነገር ሊነሣ ሲል ቁርስ ላይ ዳቦ ይተርፋል፣ ልጆቹ ሌሊቱን ተሰብስበው ስለሚያድሩ ጠዋት አይነሡም፣ ወይም ቡድን ቡድን ሆነው ትሪውን ሳይነኩ ይወጣሉ። ዘበኞቹ ሳይሰሙ፣ ዲኑ ሳያውቅ፣ ወጥ ቤቱ ያውቅ ነበር። ለማንም ተናግረው ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «ምን በወጣኝ! የሰው ልጅ ላስገርፍ?» ይልቁንስ የተረፈውን ዳቦ በነጠላ ሸፍነው ለማታ ያስቀምጡላቸው ነበር።

እትዬና ጋሼ የማይስማሙበት ነገር አለ። ዘማቾች የሄዱ ዕለት፣ ጋሼ እንደሚሉት፣ ግቢው በዘፈንና በጭብጨባ ተናወጠ። እትዬ ደግሞ «የምን ዘፈን?» ይላሉ፤ እሳቸው የሚያስታውሱት ከወጥ ቤቱ ጀርባ ተደብቀው ሲያለቅሱ የነበሩ ሴት ልጆችን ነው። ዋሽንግተን ያለ አንድ ወዳጄ ደግሞ ሦስተኛ አምጥቷል፣ እኔ ተኝቼ አውቶቡስ ሊያመልጠኝ ነበር እንጂ ምንም አልሰማሁም ይላል። ኮሚቴው የቱ ነው እውነቱ፣ አጣርተሽ አንዱን ላኪ አለኝ። ሦስቱንም ነው የላክሁት። አንዱ ፊት ለፊት ቆሞ ነበር፣ አንዷ ጓሮ፣ አንዱ አልጋ ላይ።

እነዚያ የሚያለቅሱ ልጆች ነገር ከልቤ አልወጣም፣ ምክንያቱም ስለ ሴቶቹ ማንም ሲያወራ አልሰማሁም። በእኔም ጊዜ ጥቂት ነበርን። የሴቶች ዶርም ታሪክ ብትሉኝ አንድ ካውያ ለስንት ክፍል እንደሚዞር፣ የምርቃት ቀን ጫማ ተበዳድረን ቁጥሩ ላልሆነላት ጥጥ እንዴት እንደጠቀጠቅንላት፣ ማታ ከላይብረሪ ስንወጣ ተጠባብቀን በቡድን እንደምንሄድ እነግራችኋለሁ። ተራ ነገር ነው የምትሉ ትኖራላችሁ። ግን ለምን አንዲት ሴት ማታ ብቻዋን ማጥናት እንደማትችል ከዚህ ሌላ ማስረጃ ከየት ታመጣላችሁ?

እንግዲህ እናንተም መምህር፣ አባት፣ የቀድሞ ሠራተኛ ካላችሁ ስልካችሁ ይበቃል። መጀመሪያ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የሰውየውን ስም ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ተናገሩና ጀምሩ፣ ከዓመታት በኋላ ማን እንደሆነ አይጠፋም። ፈቃድ ጠይቁ፣ ፈቃዱንም ቅዱት። የማይወጣውን ለብቻ ለዩ። አትሟገቱ፣ ዓመተ ምሕረት ቢሳሳቱ እንኳ ኋላ ታስተካክላላችሁ፣ መሀል ላይ ካረማችኋቸው ጋሼ መልሰው ሬዲዮ ይሆኑባችኋል። ፎቶ ካላቸው ከሚታዩት ሰዎች ስም ጋር ጀርባው ላይ በስሱ በእርሳስ ጻፉ፣ በእስክሪብቶ አይደለም፣ ቀለሙ ይወጣል። ቅጂውን ሁለት ቦታ አስቀምጡ፣ አንዱን በፍላሽ ለቤተሰቡ ስጡ። ሁሉም አሜሪካ ሄዶ ኮምፒውተር ውስጥ ይቀመጥ የሚለውን እኔ አልስማማበትም። ታሪኩ የተሠራው እዚህ ነው፣ አንድ ቅጂ እዚህ ይቅር። ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ፣ የድሮው ቤተ መንግሥት ላይ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለ፣ የእትዬ ድምፅ እዚያ ቢገባ የንጉሡ መኝታ ቤት ከሚጎበኝበት ሙዚየም ጋር ጎረቤት ይሆናል። እትዬን ይህን ስነግራቸው «አዬ፣ እንጀራ ይዤ በጓሮ እንጂ በዚያ በር ገብቼ አላውቅም» ብለው ሳቁ።

ቀጣዩ ሰው ሰበታ ናቸው። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ የነበሩ፣ ያልተመለሰ መጽሐፍ ሁሉ እስከ ዛሬ በቃላቸው ነው ይባላል (ያላችሁ መልሱ!)። ጆሯቸው ከብዷል፣ ስለዚህ በስልክ አይሆንም፣ እኔም በዚህ ሳምንት ተሳፋሪ ነኝ። ሰበታ ወይም ዓለም ገና አካባቢ ያላችሁ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የምትሰጡኝ ካላችሁ ጻፉልኝ፣ ጥያቄዎቹን እልካለሁ። የኮሚቴውን ሳይሆን የራሴን።