ቦሌ ላይ አየሩ ስስ ነው

ዛሬ አክስቴን ከዋሽንግተን ስትመጣ ልቀበላት ቦሌ ሄጄ፣ አጠገቤ ከቆሙ አንድ አባት ጋር ወሬ ጀመርን። ጡረታ የወጡ የአውሮፕላን ቴክኒሻን ናቸው። "ወደ ዋሽንግተን ሲሄዱ ለነዳጅ መንገድ ላይ ያርፋሉ፣ ሲመለሱ በቀጥታ ይመጣሉ፤ ለምን ይመስልሃል ልጄ?" አሉኝ።

እጃቸውን እንደ ክንፍ ዘርግተው አስረዱኝ። የፊት ለፊት ነፋሱም አለ፤ ዋናው ግን ከፍታው ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ያልፋል። አየሩ ስስ ስለሆነ ክንፉን የሚያነሳው ኃይል ይቀንሳል፣ የሞተሩም ጉልበት ያንሳል። 3,800 ሜትር ገደማ የሚረዝም ማኮብኮቢያ ይዘን እንኳ፣ ለዚያ ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ጢም አድርጎ ሞልቶ፣ ሰውና ጓዙን ጭኖ መነሳት ይከብዳል። የዋሽንግተኑ ሜዳ ግን ዝቅ ያለ ነው።

በ1938 ዓ.ም. የአየር መንገዳችን የመጀመሪያ በረራ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የሄደው ከልደታ ሜዳ ተነስቶ ነበር፤ ዛሬ ኦልድ ኤርፖርት ከምንለው ሰፈር። ጄት ሲመጣ ልደታ አልበቃ አለ፣ ቦሌ ተሠራ። አሁን ተራው የቢሾፍቱ ነው። ስለ አዲሱ ኤርፖርት ስፋትና ወጪ ብዙ ይወራል፤ እኔን ግን ያስደሰተኝ ቦታው ከቦሌ በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ማለቱ ነው።