«ዓይንሽን አሞሽ ያውቃል?»

ጌታ ያደረገልኝን ልናገር።

በአንድ ሳምንት ውስጥ ቀኝ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ብርጭቆ ያመልጠኝ፣ ቃላት አፌ ላይ ይጠፉብኝ ጀመር። ኤምአርአይ ተነሳሁ። በግራው አንጎሌ ውስጥ 4 ሴንቲ ሜትር የሚሆን፣ ዙሪያው ያበጠ ነገር ታየ። «ዕጢ ይመስላል» አሉኝ። የቀዶ ጥገናው ቀን ተቆረጠ።

ያን ሌሊት እናቴ አልጋዬ ሥር ተንበርክካ አደረች። እኔ መጸለይ አቃተኝ። እሷ ግን «ዕጢውን አጥፋላት» አላለችም። «የሚያዩአትን ሰዎች ዓይን አብራ» ነበር የምትለው፣ ደጋግማ። እውነት ለመናገር ከፍቶኝ ነበር። እኔ ታምሜ ለሐኪሞቹ ትጸልያለች!

ከቀዶ ጥገናው ሁለት ቀን በፊት፣ አመሻሽ ላይ፣ አንዲት የነርቭ ሐኪም መጣች። ምስሉን ይዛ ብዙ ቆየች። ከዚያ «ከዚህ በፊት ዓይንሽን አሞሽ ያውቃል?» አለችኝ።

አሞኝ ያውቃል። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ዓይኔ ደብዝዞ፣ ሳንቀሳቅሰው እያመመኝ ሰንብቶ፣ በራሱ ተመለሰ። ረስቼው ነበር።

ምስሉን አሳየችኝ። በቁስሉ ጠርዝ ላይ የሚያበራው ቀለበት አንድ ጎኑ ክፍት ነው። ዕጢ ሲሆን ብዙ ጊዜ ቀለበቱ ይገጥማል። ከጀርባዬ ፈሳሽ ተቀድቶ ተመረመረ። መልቲፕል ስክለሮሲስ ነበር። የገዛ ሰውነቴ መከላከያ የነርቮቼን ሽፋን፣ ማይሊንን፣ እያጠቃ ነው። ያ የዓይኔ ሕመምም የዚሁ ምልክት ነበር። አንዳንዴ ቁስሉ ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ያብጥና ፍጹም ዕጢ ይመስላል። ባዮፕሲ ካልተደረገ፣ ማለትም ከቁስሉ ናሙና ተወስዶ ካልተመረመረ፣ የማይለይበት ጊዜም አለ። የእኔ ተለየ።

ቀዶ ጥገናው ቀረ። ለ5 ቀን በደም ሥር ስቴሮይድ የሚባል እብጠት የሚያበርድ መድኃኒት ተሰጠኝ። በአራተኛው ቀን ስሜን ጻፍኩ። እናቴ ወረቀቱን ይዛ አለቀሰች። ሐኪሟ ግን አልቸኮለችም፤ ስቴሮይድ የዕጢንም እብጠት ሊቀንስ ይችላል። ከሳምንታት በኋላ ሌላ ኤምአርአይ አስነሳችኝ። ቁስሉ ከግማሽ በታች ሆኗል።

«በሽታ በበሽታ ተለወጠ እንጂ ምኑ ነው የተመለሰው ጸሎት?» ያለኝ ሰው አለ። አልተቀየምኩትም። በሽታው አብሮኝ አለ። መድኃኒቴን እወስዳለሁ፣ አንዳንድ ቀን ድካሙ ይጥለኛል። ግን እናቴ የለመነችው ዓይን እንዲበራ ነበር። እሱም በራ።

ባለፈው ክትትል ስሄድ ለሐኪሟ የእናቴን ጸሎት ነገርኳት። ዝም ብላ ቆየች። «ያን ቀን ሥራ ጨርሼ ወጥቼ ነበር» አለችኝ። «የአንቺን ምስል ልየው ብዬ ከበር ነው የተመለስኩት።»