አርቪ ለበረዶ ወራት፦ የኤሌክትሪኩን ሂሳብ ከማሞቂያው ማራገቢያ ጀምሩ

በታኅሣሥና በጥር አርቪ (መኖሪያ ያለው መኪና ወይም በመኪና የሚጎተት ቤት) ይዘው በአሜሪካ ወደ ኮሎራዶ ተራሮች ወይም ወደ ሰሜን ሚኔሶታ የሚወጡ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቁት ስለ ጋዝና ስለ ውሃ ቧንቧ ነው። ማሞቂያው በፕሮፔን ስለሚሠራ ባትሪው ብዙም የሚያሳስብ አይመስላቸውም። ጋዙ ግን እሳቱን ብቻ ነው የሚሰጠው። ሙቀቱን ወደ ክፍሉ የሚገፋው ባለ 12 ቮልት ማራገቢያ ነው። ባትሪው ከደከመ ሲሊንደሩ ሙሉ ቢሆንም ቤቱ ይቀዘቅዛል፤ ጤፍ ሞልቶ ምጣድ እንደማጣት ማለት ነው። ስለዚህ «ስንት ዋት ሶላር ልግዛ?» ከማለታችሁ በፊት አንድ ሌሊት ስንት አምፔር-ሰዓት (የሚሳበው አምፔር በሰዓቱ ብዛት ሲባዛ) እንደሚበላ አስሉ።

ከ30,000 እስከ 40,000 ቢቲዩ (የሙቀት መጠን መለኪያ) የሚሰጥ የተለመደ ማሞቂያ፣ ማራገቢያው ከ7 እስከ 10 አምፔር ይስባል። በእነዚህ ወራት ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ጧቱ 1 ሰዓት 14 ሰዓት ሙሉ ጨለማ ነው። ውጭው -15 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን ማሞቂያው የጊዜውን ግማሽ ያህል ይሠራል እንበል፦ 7 ሰዓት በ8 አምፔር 56 አምፔር-ሰዓት ይሆናል። የጋዝና የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያዎች፣ የፍሪጅና የውሃ ማሞቂያ መቆጣጠሪያ ቦርዶች ዝም ብለው ከግማሽ እስከ 1 አምፔር ይወስዳሉ። ይህም ለሌሊቱ ከ7 እስከ 14 ይጨምራል። መብራቱና የውሃ ፓምፑ አንድ ላይ ከ10 አይበልጡም። ሌሊቱ በጠቅላላ 75 ወይም 80፣ የቀኑ ማሞቂያ ሲታከልበት ደግሞ በ24 ሰዓት 115 አምፔር-ሰዓት አካባቢ ነው።

ይህን ሂሳብ የሚያፈርሱ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው በውሃ ታንኮቹ ሥር የሚለጠፈው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነው። አንዱ ከ5 እስከ 8 አምፔር ይስባል፤ ሦስቱ በግማሽ ሌሊት ብቻ ከ100 አምፔር-ሰዓት በላይ ይጨርሳሉ፤ ከሌሊቱ ሌላ ወጪ ሁሉ ድምር የበለጠ ማለት ነው። እነዚህን የካምፕ ኤሌክትሪክ ሲኖር ወይም በመንዳት ላይ ሳላችሁ ብቻ ክፈቱ። ሁለተኛው ሥራ ሳይኖረው የበራ ኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚቀይር መሣሪያ) ነው። ምንም ባይሰካበትም 1 ወይም 2 አምፔር ይወስዳል። የሰካችሁትን መንቀል አይበቃም፤ ራሱን አጥፉት።

በናፍጣ የሚሠራው ትንሽ ማሞቂያ ለባትሪ በጣም ይራራል። ሲነሣ ለጥቂት ደቂቃ እስከ 10 አምፔር ይስባል፣ ከዚያ በኋላ ከ1 እስከ 2 ብቻ ነው። ግን ትኩስ ሳለ ኤሌክትሪኩን ከባትሪው ማጥፊያ መቁረጥ አይገባም። ማራገቢያው ማቃጠያውን ሳያበርድ ስለሚቆም ውስጡ ይጎዳል። በራሱ መቆጣጠሪያ አጥፉና ቀዝቅዞ እስኪቆም ጠብቁ።

አሁን ወደ ባትሪው። የአሲድ ባትሪ በ25 ዲግሪ ላይ 100 አምፔር-ሰዓት ቢባልም ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ ነው የምትጠቀሙበት። በ0 ዲግሪ አቅሙ ወደ 80 በመቶ ይወርዳል፤ በ-18 ደግሞ ወደ ግማሽ ይጠጋል። ስለዚህ በሞቃት ወራት ሁለት ቀን ያቆየ ባትሪ በጥር አንድ ሌሊት ላያደርስ ይችላል። የባሰው መርጋቱ ነው። ሙሉ በሙሉ የተሞላ ባትሪ አሲዱ ከ-50 በታች ካልሆነ አይረጋም። ባዶ የሆነው ግን በ-10 አካባቢ ይረጋል፣ ሣጥኑም ይሰነጠቃል። የረጋን ባትሪ በፍጹም ቻርጅ አታድርጉ፤ ሊፈነዳ ይችላል። ባትሪው ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ ስትለኩ 12.7 ቮልት ሙሉ፣ 12.2 ግማሽ፣ 12.0 ደግሞ ሩብ ነው። ማራገቢያው እየሠራ የተለካ ቁጥር ከዚህ በታች ስለሚያሳይ አትደንግጡበት፤ በሌላ በኩል ቻርጅ ከተደረገ ወዲያውኑ የሚታየው 13 ቮልትም አያስደስት።

ሊቲየም (አይረን ፎስፌት) እስከ -20 ድረስ ኃይል ይሰጣል፤ ችግሩ ሲሞላ ነው። ከ0 ዲግሪ (32 ፋራናይት) በታች ቻርጅ ሲደረግ ሊቲየሙ ወደ ግራፋይቱ ውስጥ በመግባት ፈንታ ላዩ ላይ እንደ ብረት ይለበጣል። የጠፋው አቅም አይመለስም፤ ሲደጋገምም ውስጡ ሾርት ሊያደርግ ይችላል። ደኅና ባትሪ ይህን የሚከለክል ቢኤምኤስ (የባትሪው መቆጣጠሪያ ቦርድ) አለው፤ ርካሾቹ ውስጥ የማይኖርበት ጊዜ አለ። ከመግዛታችሁ በፊት በብርድ ቻርጅ ማቋረጫ እንዳለው ከመግለጫ ወረቀቱ ላይ አረጋግጡ። ካለው ደግሞ ሌላ ነገር ጠብቁ፦ ጧት ፀሐዩ ወጥቶ፣ ፓነሉ ጸድቶ ምንም አይገባም። ብዙ ሰው የሶላር መቆጣጠሪያው ተበላሸ ብሎ ሊቀይር ይነሣል። ባትሪው ራሱን እየጠበቀ ነው እንጂ የተበላሸ ነገር የለም።

የራሱ ማሞቂያ ያለው ሊቲየም ይህን ይፈታል፤ ነገር ግን ከቻርጀሩ የሚመጣውን የመጀመሪያ ኃይል ለራሱ ማሞቂያ ይወስዳል። ዘጠኝ ሰዓት ብቻ ብርሃን ባለበት ቀን ይህ ቀላል ወጪ አይደለም። ከዚህ ይልቅ ባትሪውን ከተጎታቹ ምላስ (ከመኪናው ጋር ከሚያያዝበት የፊት ብረት) ላይ አንሥቶ ወደ ውስጥ፣ አልጋ ወይም መቀመጫ ሥር ማስገባት ይሻላል። ሊቲየም በመደበኛ አሠራሩ ጋዝ ስለማያወጣ ይቻላል። የአሲድ ባትሪ ግን ሃይድሮጅን ያወጣል፤ ወደ ውጭ የሚተነፍስ የታሸገ ሣጥን ከሌለው ወደ ውስጥ አይገባም። ውጭ ያለውን ሣጥን ከብርድ ስትሸፍኑም መተንፈሻውን አትድፈኑ።

ለላይኛው ሂሳብ 200 አምፔር-ሰዓት ሊቲየም ትንሹ ነው፤ 80 በመቶውን ብትጠቀሙ አንድ ቀን ተኩል ያህል ያቆያል። 300 ካላችሁ አንድ ደመናማ ቀን አያስፈራም። ባትሪ ስትቀይሩ አርቪው ይዞት የመጣውን ቻርጀርም እዩ። የድሮዎቹ 13.6 ቮልት ላይ ይቆማሉ፤ ሊቲየም ግን ከ14.2 እስከ 14.6 ይፈልጋል። አሲድ ደግሞ ሲቀዘቅዝ ከፍ ያለ ይጠይቃል፦ ከ25 ዲግሪ በታች ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.024 ቮልት ብትጨምሩ፣ በ-10 ላይ 14.4 የነበረው 15.2 ይሆናል። ይህን የሚያስተካክለው በባትሪው ላይ የሚለጠፍ የሙቀት መለኪያ ነው፤ ለሊቲየም ይህ ማስተካከያ መጥፋት አለበት። የሊቲየም ቮልቴጅ ደግሞ ከሞላ ጎደል ስለማይንቀሳቀስ ምን ያህል እንደቀረ በቮልት አይታወቅም። በኔጌቲቩ መስመር ላይ ሸንት (የሚገባውንና የሚወጣውን አምፔር የሚቆጥር መለኪያ) ግጠሙ፤ ሁሉም የኔጌቲቭ ሽቦ በእሱ በኩል ይለፍ። አንዱ ሽቦ በቀጥታ ባትሪው ላይ ከቀረ ቆጠራው ውሸት ይሆናል።

ከየት ይሞላል? በእኔ አስተያየት በእነዚህ ወራት ፀሐይ ረዳት እንጂ ዋና ምንጭ አይደለችም። በታኅሣሥ 12 አካባቢ የዴንቨር (ኮሎራዶ) ፀሐይ በእኩለ ቀን ከአድማስ 27 ዲግሪ፣ የሚኒያፖሊስ (ሚኔሶታ) ደግሞ 22 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው ከፍ የምትለው፤ አዲስ አበባ ላይ በዚያው ቀን 57 ዲግሪ ትደርሳለች። ጣሪያ ላይ የተኛ ፓነል በ27 ዲግሪ ፀሐይ የሚቀበለው ፊት ለፊት ሲቀበል ከሚያገኘው ከግማሽ በታች ነው። 400 ዋት የተኛ ፓነል በዴንቨር ጥርት ባለ ቀን 50 ወይም 60 አምፔር-ሰዓት ካስገባ ጥሩ ነው፤ ይህም የወጪው ግማሽ ነው። ወደ ደቡብ በ60 ዲግሪ ብታቆሙት ወደ እጥፍ ይጠጋል፣ በረዶውም ይንሸራተትለታል። መሬት ላይ የሚቆም ተንቀሳቃሽ ፓነል የሚያዋጣው ለዚህ ነው።

ፓነሎች በተከታታይ ካገናኛችሁ ብርዱ ቮልቴጁን ከፍ እንደሚያደርግ አትርሱ። ክፍት ቮልቴጃቸው (ምንም ሳይጫንባቸው የሚያሳዩት) 24 የሆኑ አራት ፓነሎች 96 ይሰጣሉ፤ ባለ 100 ቮልት መቆጣጠሪያ የሚችለው ይመስላል። ግን ቮልቴጁ በየዲግሪው 0.3 በመቶ ያህል ስለሚጨምር በ-25 ጧት 110 ይደርሳል፣ መቆጣጠሪያውም ይቃጠላል። ወይ ሦስት ብቻ አገናኙ፣ ወይ ባለ 150 ቮልት ግዙ።

ዋናው ምንጭ ሞተሩ ነው። ከመኪናው ወደ ተጎታቹ በባለ 7 እግሩ ሶኬት የሚመጣው ሽቦ ቀጭን ስለሆነ ከጥቂት አምፔር በላይ አያሳልፍም። ባለ 30 አምፔር ዲሲ-ዲሲ ቻርጀር (የሞተሩን ኃይል አስተካክሎ የአርቪውን ባትሪ የሚሞላ መሣሪያ) ግን በሦስት ሰዓት መንገድ 90 አምፔር-ሰዓት ያስገባል። ከመኪናው በኩል እስከ 40 አምፔር ስለሚስብ 16 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ዘርጉ፤ በሁለቱም ጫፍ ባትሪ ስላለ በሁለቱም ጫፍ 60 አምፔር ፊውዝ አድርጉ። ሊቲየምን ያለዚህ መሣሪያ በቀጥታ ከዲናሞ ጋር ማገናኘት አደገኛ ነው። ዲናሞው ከአቅሙ በላይ ይሞቃል፤ ቢኤምኤሱ በድንገት ሲያቋርጥም የሚዘለው ቮልቴጅ ዳዮዶቹን ያቃጥላል።

የካምፕ ኤሌክትሪክ ሲኖር፣ ባለ 30 አምፔሩ በ120 ቮልት 3,600 ዋት ነው፤ ለረጅም ሰዓት ግን ከ24 አምፔር አትለፉ። አንድ ባለ 1,500 ዋት ማሞቂያ 12.5 አምፔር ስለሆነ ሁለቱ ብቻ ከዚያ ያልፋሉ። ፕላጉ የሚጠቁረውና የሚቀልጠው በዚህ ነው። በእጅ ስትነኩት የሚያቃጥል ከሆነ ጭነቱን ቀንሱ፣ የላላውን ሶኬት አትጠቀሙ። ማራዘሚያው 10 ጌጅ (ባለ 5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ) ይሁን፤ የግቢ መብራት የሚሰካበት ቀጭን ማራዘሚያ ለዚህ አይሆንም። ሁሉም ጎረቤት ማሞቂያ ሲያበራ የካምፑ ቮልቴጅ ይወርዳል፤ ከ104 በታች ሲሆን የሚያቋርጥ መከላከያ መግጠም ፍሪጅንና ማይክሮዌቭን ያተርፋል። ሌላም አለ፦ የኤሌክትሪክ ማሞቂያው ክፍሉን ካሞቀ የጋዙ ማሞቂያ አይነሣም፤ የጋዙ ማሞቂያ ካልነሣ ደግሞ ከወለሉ በታች ወዳሉት ታንኮች የሚሄደው ሞቃት አየር ይቀራል። ሰዎቹ ሞቋቸው ተኝተው ቧንቧው የሚረጋው በዚህ ምክንያት ነው።

ጄነሬተር በየ300 ሜትር ከፍታ 3.5 በመቶ ያህል ኃይል ያጣል፤ 3,100 ሜትር ላይ ባለችው የኮሎራዶ ከተማ ሌድቪል ከሲሶ በላይ ይቀነሳል። ለብርድ ቀጭኑን 5W-30 ዘይት ተጠቀሙ፤ የጭስ መውጫውንም በረዶ እንዳይዘጋው ጥረጉ፣ ከመስኮት አርቁ።

ከሁሉ በላይ ሰውን የሚያሳስተው ሽቦው ነው። የጋዝ ማሞቂያው ውስጥ ሴይል ስዊች የሚባል፣ በማራገቢያው ነፋስ የሚገፋ ቀጭን ምላስ አለ። ቮልቴጁ ሲወርድ ማራገቢያው ይዞራል፣ ነፋሱ ግን ምላሱን አይገፋውም፣ ስለዚህ ጋዙ አይከፈትም። ከንጋት በፊት ቀዝቃዛ አየር እየነፋ እሳት የማይነሣ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው። ቴርሞስታት ወይም ቦርድ ከመግዛታችሁ በፊት ማራገቢያው እየሠራ ሁለት ቦታ ለኩ፦ ባትሪው ላይ እና ማሞቂያው ሽቦ ላይ። ባትሪው 12.4፣ ማሞቂያው 11.3 ካለ ጥፋቱ መንገድ ላይ ነው። ባለ 2 ካሬ ሚሊ ሜትር (14 ጌጅ) ሽቦ 6 ሜትር ሄዶ 6 ሜትር ሲመለስ በ9 አምፔር 0.9 ቮልት ይበላል፤ ባለ 5 ካሬ ሚሊ ሜትሩ (10 ጌጅ) ከ0.4 በታች። የቀረው ብዙውን ጊዜ ከሻሲው ጋር የታሰረው ግራውንድ ነው፤ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ይበላዋል። ብሎኑን ፍቱ፣ በሽቦ ብሩሽ እስኪያበራ ፈግፍጉ፣ አጥብቃችሁ እሰሩ፣ ከዚያ ላዩን ቅባት ቀቡ። ቅባቱ ከመታሰሩ በፊት መሃል አይግባ።

ከመውጣታችሁ በፊት አርቪው ደጃፍ ላይ ቆሞ አንድ ብርዳም ሌሊት ይሞከር። የቤት ኤሌክትሪኩን ንቀሉ፣ ማሞቂያውን 18 ዲግሪ ላይ አድርጉ፣ ማታ ሸንቱ የሚያሳየውን ጻፉ፣ ጧትም ጻፉ። ልዩነቱ ከ80 አምፔር-ሰዓት በጣም ከበለጠ ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀላችሁ የሚስበውን ፈልጉ። የማስጠንቀቂያዎቹን ጀርባ ገልብጣችሁ ጊዜያቸው ማለፉን እዩ፣ ዓመታቸው ከጨረሰ ቀይሩ። ተጎታች ከሆነ የድንገተኛ ፍሬኑን ገመድ ስባችሁ ጎማው መያዙን አረጋግጡ፤ ባትሪ ወደ ውስጥ ሲዛወር ብዙ ጊዜ ተረስቶ የሚቀረው ሽቦ የእሱ ነው።