ከወንበሩ ጀርባ ያለው ውሃ

እሁድ ማታ ነው፣ እጄን ሶስት ጊዜ ታጥቤ ጥፍሬ ስር የገባው ጥቁር ነገር አልወጣም፣ ተውኩት። ወገቤም ልክ አይደለም። ይሄን የምጽፈው ግን ስለ ወገቤ ላማርር አይደለም፣ ወራት ሙሉ የሸወደኝን ነገር ሳልረሳው ላስቀምጠው ብዬ ነው፣ ምክንያቱም ራሴን አውቀዋለሁ፣ ትንሽ ቆይቼ "ከመጀመሪያውም ገብቶኝ ነበር" ማለት እጀምራለሁ። አልገባኝም ነበር። ይመዝገብልኝ።

መኪናዋ የ1995 ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ናት፣ ብዙ ሰው ሚያታ የሚላት፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ ሸራ፣ የፊት መብራቷ ሲፈለግ ብቻ ብቅ የሚል። የመጀመሪያው ትውልድ ማለት ነው፣ በ1989 ቺካጎ ላይ ለሕዝብ ታይቶ እስከ 1997 የተመረተው። የኔዋ 1.8 ሊትር ሞተር ያላት ናት። ስገዛት ጣሪያዋን አጥፌ ልንሸራሸርባት ነበር ሀሳቤ፣ እስካሁን ስቆጥረው ግን ውስጧ ቁጭ ካልኩበት ሰዓት ስሯ የተጋደምኩበት ይበልጣል። አልተጸጸትኩም (ባለቤቴ ስትጠይቀኝ የምመልሰው ግን ሌላ ነው)።

ነገሩ የጀመረው በሽታ ነው። በሽታ ስል ሕመም ማለቴ ሳይሆን አፍንጫ የሚያውቀውን ሽታ ነው፣ ሁለቱም ቢባል ግን ያስኬዳል። በር ስከፍት ሳይደርቅ ታጥፎ የከረመ ልብስ ዓይነት ሽታ ፊቴን ይመታኛል። ከወንበሮቹ ጀርባ ያለውን ምንጣፍ በጣቴ ጫን ሳደርገው ውሃ እንደ ስፖንጅ ፊጭ አለ። እና እኔ እዛው ቆሜ፣ ምንም ሳላይ፣ ምንም ሳልነካ፣ "ሸራው ነው" አልኩ። በቃ ፈረድኩ። ሸራው ያረጀ ነው፣ ስፌቱ የሳሳ ነው፣ የኋላው የፕላስቲክ መስኮት ዳር ዳሩ ደብዝዞ ቢጫ ሆኗል፣ ሌላ ተጠርጣሪ ምን ያስፈልጋል?

ከዛ በኋላ ያደረግኩትን ስጽፈው ራሱ ያሳፍረኛል። ውሃ እንዳያስገባ የሚያደርግ ስፕሬይ ገዝቼ ሸራውን ሁለቴ ቀባሁት፣ ስፌቱን በማጣበቂያ ሞላሁት፣ የበሩን ጎማ በሲሊኮን ቅባት አሸሁት፣ መስታወቱ ከላይ ከጎማው ጋር እንዲገጥም ብዬ የበሩን ውስጠኛ ሽፋን ፈትቼ የመስታወቱን ከፍታ አስተካከልኩ፣ ይሄ ብቻውን ግማሽ ቀን ፈጀ፣ ሁለት የፕላስቲክ ክሊፕም ሰበርኩ። ዝናብ መጣ። ጠዋት ሄጄ ምንጣፉን ጫን አደረግኩት፣ ፊጭ።

አዲስ ሸራ ልገዛ ነበር በእውነት፣ ሳዝዘው ጥቂት ነው የቀረኝ። ያዳነኝ ዕውቀት አይደለም፣ የወንድሜ ልጅ እኛ ጋ መምጣቱ ነው። አስራ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ጠባብ ቦታ ውስጥ መግባት እንደ ጨዋታ የሚያይበት ዕድሜ። ምንጣፉን ሙሉ በሙሉ አወጣሁና ባትሪ መብራት ይዞ ከወንበሩ ጀርባ እንዲያጎነብስ አደረግኩ፣ እኔ ውጭ ሆኜ በጎማ ቱቦ ውሃ ቀስ እያልኩ፣ መጀመሪያ ከታች፣ ከዛ ወደ ላይ። ይሄ ቅደም ተከተል ዋናው ነገር ነው፣ ከላይ ከጀመርክ ውሃው ሁሉንም ቦታ አብሮ ያረጥበዋል፣ ከየት እንደገባ መለየት አትችልም።

በሩ ላይ አፈሰስኩ። "ገባ?"

"አልገባም ጋሼ።"

የመስታወቱ ጠርዝ ላይ። አልገባም። ስፌቱ ላይ፣ ያ ስወነጅለው የከረምኩት ስፌት ላይ። "ኧረ ጋሼ ደረቅ ነው።" ከዛ ሸራው ከኋላ ከቆርቆሮው ጋር የሚገናኝበት ጋ ስደርስ ትንሽ ዝም አለና "ቆይ ቆይ፣ መጣ! ከላይ ግን አይደለም፣ እዚህ ቀበቶው ጋ ሞልቶ ነው የሚፈሰው" አለ።

ሞልቶ ነው። ቃሉን ሲለው ነው የገባኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚች መኪና ሸራው ላይ የሚወርደው ውሃ ከኋላ በኩል ቦይ በሚመስል ጎማ ተሰብስቦ ወደ ግራና ቀኝ ይሄዳል፣ ጎንና ጎን የወንበር ቀበቶ የተሰካበት ማማ የሚመስለው ነገር አለ አይደል፣ ከሱ ጀርባ አንዳንድ ቀዳዳ አለ፣ ከቀዳዳው በቱቦ አድርጎ ወደ ታች ይወርድና ከኋላ ጎማ ትንሽ ፊት ለፊት፣ መኪናዋ ስር ይወጣል። ማለትም ውሃው እንዲገባ ነው የተሰራው፣ ገብቶ እንዲወጣ። ሸራው ምንም ጥፋት የለበትም። ቀዳዳው በቅጠልና በአፈር ከተደፈነ ግን ውሃው መሄጃ ያጣና ሞልቶ ወደ ውስጥ ይገለበጣል። መኪናዋን ዓመት ሙሉ ያቆምኳት ዛፍ ስር ነው። ጥላ ነው ብዬ። እዚህ ላይ ማንንም መውቀስ አልችልም።

ልጁ እጁን አስገብቶ ያወጣው ነገር ቅጠል አይባልም፣ ጥቁር ሊጥ ነበር። ከዛ ቱቦውን ራሱን ማጽዳት ቀረ። እዚህ ጋ አንድ ነገር በትክክል ሰራሁ፣ ጠንካራ ሽቦ አላስገባሁም። ሽቦ ቱቦውን ይቀደዋል ወይ ከቦታው ያላቅቀዋል፣ በኮምፕሬሰር አየር መንፋትም ያው ነው፣ ቱቦው ውስጥ ላይ ከተነቀለ ውሃው ቀጥታ ወደ በሩ ስር ባዶ ላሜራ ነው የሚገባው፣ አንተ ደግሞ ምንጣፉ ደረቀ ብለህ ደስ ብሎህ ትቀመጣለህ። ወፈር ያለ ናይለን ገመድ ጫፉን በእሳት አድቦልቡዬ ቀስ እያልኩ አስገባሁ፣ ወጣ ገባ፣ ለብ ያለ ውሃ ጠብ፣ እንደገና ወጣ ገባ። ለረጅም ጊዜ ምንም የለም። ከዛ ከታች ጉርርር የሚል ድምፅ መጣና ቡና የመሰለ ውሃ ከጎማው ፊት ለፊት ዘረገፈችው። ሁለታችንም ጮህን። ጎረቤት ምን እንዳለ እንጃ።

እንግዲህ ሰው ከዚህ ይማራል ብለህ ትጠብቃለህ አይደል? በሳምንቱ ባትሪው ሞተ። ቁልፍ አዞርኩ፣ ጠቅ ጠቅ ጠቅ፣ ዝም። እኔስ ምን አልኩ? "ውሃው ነው፣ ሽቦ አርጥቦ ሾርት አድርጓል።" ያው ጭንቅላት! የዚች መኪና ባትሪ ደግሞ ያለው ኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ነው፣ ክብደቷ ፊትና ኋላ እኩል እንዲከፈል ብለው ነው፣ እዛ ደግሞ ርጥበት ስለነበር ጥርጣሬዬ ጥሩ ልብስ ለበሰ። (ባትሪ የሚቀይር ሰው ይቺን ልብ ይበል፣ ኋላ ዝግ ቦታ ስለሆነ የባትሪው መተንፈሻ ቱቦ ወደ ውጭ መውጣት አለበት፣ ተራ ባትሪ ቻርጅ ሲሆን ሃይድሮጂን ያወጣል፣ ሃይድሮጂን ደግሞ ይፈነዳል።)

ይሄኛውን ግን ለካሁት። የሞላ ባትሪ አርፎ ሲለካ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፣ የኔ ቻርጅ ተደርጎ ካደረ በኋላ ልክ ነበር። ሞተር ተነስቶ ስለካ 14.2፣ ስለዚህ ዲናሞው ይሰራል፣ እሱን ከመቀየር ተረፍኩ። ቀጥሎ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈትቼ ቴስተሩን፣ የኤሌክትሪክ መለኪያውን፣ መሃል አስገባሁ፣ በሮቹን ዘግቼ ቁልፉን አውጥቼ ጠበቅኩ። ቆማ የምታድር መኪና ከ50 ሚሊአምፔር በታች ብትወስድ ጤነኛ ናት። የኔዋ 290። ትንሽ ይመስላል ግን አስሉት፣ በቀን 7 አምፔር ሰዓት ነው፣ የሷ ባትሪ ደግሞ ትንሽዬ፣ 30 ገደማ ነው የሚይዘው፣ አራት ቀን ሳልነዳት ከቆየሁ አለቀ። ልክ እኮ እሁድ ነድቼ ሐሙስ ነበር የምትሞተው፣ ይሄ ራሱ ቀድሞ ሊነግረኝ በተገባ ነበር።

ከዛ ፊውዝ አንድ በአንድ መንቀል። ነቅዬ ማየት፣ መመለስ፣ ነቅዬ ማየት። አንዱን ስነቅል ቁጥሩ ወደ 20 ወረደ። መስመሩን ስከተል ዳሽቦርዱ ስር የሆነ ሰው ድሮ የገጠመው የሌባ ማንቂያ አላርም አገኘሁ፣ ድምፁ ከሞተ ስንት ዓመቱ፣ ሪሞቱ የለም፣ ሳጥኑ ግን ትኩስ ነበር ስነካው፣ ሽቦዎቹ በሊድ ሳይበየዱ በፕላስተር ብቻ ተጠቅልለው። ውሃ የሚባል ነገር በአካባቢው የለም። አውጥቼ ጣልኩት። ሌባ ከመጣም ቢያንስ ባትሪ ያላት መኪና ይሰርቃል።

ሌሎቹን ቶሎ ልበል። ሞተሩ ጠዋት ጠዋት ቴስታታው ጋ ቲክ ቲክ ይላል፣ በዘይት ግፊት የሚሰሩት ሊፍተሮች፣ ቫልቮቹን የሚገፉት ማለት ነው፣ ናቸው፣ የዚህ ዘመን ሚያታ ሁሉ ይሄን አመል ያውቀዋል፣ ዘይት ቀየርኩ፣ ቀነሰ፣ ሲሞቅ ይጠፋል፣ ትቼዋለሁ። የቀኙ መብራት አልነሳ ብሎ አንድ ዓይኗን ጨፍና ለሳምንት እየነዳሁ ነበር፣ ኮፈኑ ስር መብራቱን በሚያነሳው ትንሽ ሞተር ላይ በእጅ የሚዞር ትንሽ ቁልፍ አለ፣ በሱ ከፍቼ ትቼዋለሁ፣ አሁን አንዱ ሁልጊዜ ክፍት ነው፣ የተደነቀች ትመስላለች። ፍሪሲዮኑ ደግሞ ፔዳሉ ወለል ድረስ ገብቶ ቀረ፣ ታች ያለው ትንሹ ሲሊንደር የላስቲክ ሽፋኑን ገለጥ ሳደርገው ቡኒ ዘይት ጠብ አለ፣ እሱን ቀየርኩ፣ ከወንድሜ ልጅ ጋር አየር አወጣን፣ "ጫን!" "ጫንኩ!" "ያዝ!" "ያዝኩ ጋሼ!" እያልን ሃያ ጊዜ ያህል። ያ ዘይት ቀለም ይበላል፣ የፈሰሰውን ወዲያው በውሃ ካላጠባችሁት ቀለሙ ይነሳል። ከየት እንዳወቅኩ አትጠይቁኝ።

አሁን ወደምፈራው ነገር።

ያ ሁሉ ውሃ፣ ምንጣፍ ላይ የታየኝ ማለት ነው፣ ያልታየኝስ የት ሄደ? ትላንት መኪናዋን በክሪክ አንስቼ ማቆሚያ ላይ አስቀምጬ የበሩን ስር ላሜራ በካቻቢቴ እጀታ ከፊት ወደ ኋላ መታ መታ እያደረግኩ ሄድኩ። ግራ በኩል ከጫፍ እስከ ጫፍ ቋ ቋ ቋ። ቀኝ በኩል ቋ ቋ ቋ፣ ከኋላ ጎማው ፊት ስደርስ ድብ። እንደገና መታሁት። ድብ። ከፍሪጅ ላይ ማግኔት አምጥቼ አስጠጋሁት፣ ሌላ ቦታ ጥብቅ የሚለው እዛ ጋ ተንሸራቶ ወደቀ። ስቱኮ ነው። አንድ ሰው፣ ከኔ በፊት፣ ዝገቱን በስቱኮ ሞልቶ፣ አለስልሶ፣ ቀብቶ ሸጦልኛል፣ እና በጣም ጎበዝ ቀቢ ነበር፣ እሱን ልመስክርለት።

በሌላ መኪና ቢሆን ይሄን ያህል አልጨነቅም ነበር። የቆርቆሮ ጣሪያ የሌላት መኪና ግን ጥንካሬዋ የሚመጣው ከወለሉና ከነዚህ የጎን ላሜራዎች ነው፣ ከላይ የሚያስራት ነገር የለም። እነሱ ከበሰበሱ መሃሏ ላላ ይላል፣ ጉድጓድ ስትገባ ዳሽቦርዱ ይንጫጫል፣ በሩ መግጠም ያስቸግራል፣ አደጋ ቢመጣ ደግሞ የጎኑን ምት የሚቀበለው እሱ ነው። ባለፈው መስታወት ሳስተካክል የቀኙ በር ለምን ትንሽ ከፍ አድርጌ ካልዘጋሁት እንደማይገጥም ገርሞኝ ነበር፣ አልፌው ሄድኩ። ተቆርጦ አዲስ ላሜራ መበየድ አለበት፣ ብየዳ ደግሞ አልችልም፣ ቪዲዮ አይቼ ሞክሬ የምችለውም ዓይነት ነገር አይደለም። ያ ስቱኮ ስር ምን ያህል እንዳለ ገና አልፋቅኩትም። ካቻቢቴውን ይዤ ትንሽ ቆምኩ፣ አንዴ ብወጋው እንደሚገባ አውቃለሁ። መልሼ ዕቃ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት።

ባለቤቴ መጥታ "ምን ሆነህ ነው ዝም ያልከው?" አለችኝ። "ምንም" አልኳት። "ስንት ያስፈልገዋል?" አለች፣ እሷ እኮ ቴስተር አያስፈልጋትም።

ሌሊቱን ዘነበ። ከመተኛቴ በፊት ከወንበሮቹ ጀርባ ግራና ቀኝ ጋዜጣ አንጥፌ ነበር፣ ምንጣፉን አልመለስኩትም፣ ባዶ ቆርቆሮ ነው ያለው። ዛሬ ጠዋት ፒጃማዬን እንደለበስኩ ሄድኩ። ግራው ደረቅ፣ ሲነካ ኮሽ ይላል። ቀኙም ደረቅ ነው፣ ጥግ ላይ ካለች ሳንቲም የምታክል ርጥብ ቦታ በስተቀር። ይቺን ደግሞ ምን እንደሆነች አላውቅም። ቱቦው ነው ልል አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። ልጁ ቅዳሜ ይመጣል፣ ባትሪ መብራቱን ቻርጅ ላይ ሰክቼዋለሁ፣ ከታች ጀምረን ወደ ላይ ውሃ እናፈሳለን።