ጋሼ ያጎረሱት ጥይት

ሰሞኑን እጄ ሥራ ሲፈታ ልቤ መጥፎ መጥፎውን ማሰብ ይወዳል። ዛሬም ከሰዓት በኋላ እንዲያ ሲያደርገኝ የሚፈታና የሚገጠም ነገር አማረኝና የጋሼን ባለሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ ከቁም ሣጥኑ አወጣሁ። ፈቃዱ ወደ እኔ ስም ከዞረ ወዲህ አልተነካም ነበር። ወልውዬ፣ ዝገት እንዳይበላው ቅባት ቀብቼ ልመልሰው ነበር ሐሳቤ።

አልከፈት አለ። የመክፈቻውን ምላስ በአውራ ጣት ወደ ጎን ሲገፉት አፈሙዞቹ ከማጠፊያው ላይ ወደ ታች መዘቅዘቅ ነበረባቸው። ምላሱ ዞረ፤ አፈሙዞቹ ግን ስንጥቅ ያህል ከፈት ብለው ተያዙ። ያረጀ ቅባት ከአቧራ ጋር ሲውል ሲያድር ሙጫ ይሆናልና መጀመሪያ የጠረጠርኩት እርሱን ነበር። የሆነ ሆኖ አፈሙዙን ሰው ወደማያልፍበት የአፈር ቁልል አዙሬ፣ ጣቴን ከቃታው አርቄ፣ በስንጥቁ ውስጥ ባትሪ አበራሁ።

በስተቀኝ በኩል የናስ ከንፈር ታየኝ። አረንጓዴ ዝገት አውጥቷል። መሃሉ ላይ ያለችው፣ ባሩዱን የምታቀጣጥለው ካፕሱል ለስላሳ ናት፤ የመምቻው መርፌ አልነካትም። ያልተተኮሰ ጥይት ነው።

መሣሪያ ጠጋኙ ዘንድ ደወልኩ። «መዶሻም ካቻቢቴም እንዳታስነካው፤ በግድም እንዳትዘጋው፤ እንዳለ ተወው፤ እኔ እመጣለሁ» አለኝ። እንዳለውም መጣ። ቀለሁ የወረቀት ነበር። ወረቀት እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፤ አብጦም ጥይቱ ከሚቀመጥበት ጎሬ ግድግዳ ጋር ይጣበቃል፤ የጠመንጃው ቀለህ ማውጫ ከንፈሩን ቢስበው እንኳን አይወጣም። ስስ ዘይት በዙሪያው አንጠባጠበ፤ ጠበቅን፤ ደጋግሞ በእርጋታ ከፈት አደረገው። ሲወጣ ድምፅ እንኳን አላሰማም። የጠመንጃው ብልሽት ይኸው ነበር፤ ሌላ ምንም አልነበረበትም።

እርሱ ከሄደ በኋላ ግን መወልወሉም ቅባቱም ከሐሳቤ ጠፋ።

ጋሼ ጥንቃቄን ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። «ባዶ ነው ብሎ የሚምልልህን አትመን፤ ከፍተህ በዓይንህ እይ» ይሉ ነበር። የ20 ቁጥር ጥይት ለምን ቢጫ ቀለም እንደሚቀባ የነገሩኝም እርሳቸው ናቸው፤ በስሕተት 12 ቁጥር ጠመንጃ ውስጥ ከገባ ሾልኮ ወደፊት ይሄድና አፈሙዙ ውስጥ ይሰነቀራል፤ ከኋላው ሌላ ተጎርሶ ከተተኮሰ አፈሙዙ ይፈነዳል። 12 ቁጥር የተባለውም በአፈሙዙ ውስጠኛ ስፋት ልክ ከተድበለበሉ የእርሳስ ኳሶች 12ቱ አንድ ፓውንድ ስለሚመዝኑ ነው፤ ስፋቱም ወደ 18.5 ሚሊ ሜትር ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ሲያስረዱ ፊታቸው ይበራ ነበር። ታዲያ እኚህ ሰው እንዴት ጠመንጃ አጉርሰው ቁም ሣጥን ውስጥ ያቆማሉ? እኔና እህቴ እዚያ ውስጥ፣ ከኮቶቹ ኋላ፣ ድብብቆሽ ስንጫወት ነው ያደግነው። እንዲህ ባሉት ጠመንጃዎች አብዛኛውን ጊዜ መጠበቂያው ቃታውን ብቻ ነው የሚይዘው፤ ውስጥ ተቀባብሎ የቆመውን፣ መርፌውን የሚመታውን መዶሻ አይይዝም። አንዳችን ገፍተን ብንጥለው ኖሮ ብዬ ሳስብ እጄ ቀዘቀዘ።

ጥይቱን ጠጋኙ ሊያስወግደው ከመውሰዱ በፊት አገላብጬ አይቼዋለሁ። የቀለሁን አፍ በዘጋችው ክብ ካርቶን ላይ ሁለት ዜሮ ታትሟል። ጋሼ ከወፍ በቀር አድነው አያውቁም። ለወፍ የሚያጎርሱት 6 ቁጥር ነበር፤ ይህ ቁጥር የአፈሙዙን ስፋት ሳይሆን በቀለሁ ውስጥ ያለውን የእርሳስ ፍሬ መጠን ነው የሚናገረው፤ ፍሬው 2.8 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ በአንድ ቀለህ ውስጥ ከሁለት መቶ በላይ ይገባል። ባለሁለት ዜሮው ግን እያንዳንዱ ፍሬ 8.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ በተለመደው ጥይት የሚገባውም ዘጠኝ ነው። ይህ ለወፍ አይደለም። ለትልቅ እንስሳ ነው፤ ወይም ለሰው።

መቼ እንደጎረሰ ከቀለሁ ላውቅ ሞከርኩ። የፕላስቲክ ቀለህ ገበያ ላይ የዋለው በ1960 እ.ኤ.አ. ነው፤ የወረቀቱ ግን ከዚያ በኋላም አልቀረም፤ ዛሬም የሚሠራ አለ። ስለዚህ ወረቀት መሆኑ ዘመኑን አይነግረኝም።

ከዚያ አፈሙዞቹን ወደ መብራት አንሥቼ በየተራ አየኋቸው። የቀኙ እንደ መስተዋት ያበራል። የግራው በባሩድ ጥላሸት ጠቁሯል፤ ከጎሬው አለፍ ብሎ ዝገት መብላት ጀምሮታል። ጋሼ ከአደን ሲመለሱ ውኃ ሳይጠጡ ነበር ጠመንጃቸውን የሚወለውሉት፤ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ዘንጉን ያመላልሱ ነበር። የግራው ተተኩሶ ሳይወለወል ቀርቷል ማለት ነው። ሁለቱንም አጉርሰው ነበር፤ አንዱን ተኮሱ፤ ባዶውን ቀለህ አወጡ፤ ሌላውን እንደጎረሰ ተዉት። ከዚያ በኋላ አደን እንዳልወጡ አሁን ነው ያስተዋልኩት። ጉልበታቸውን ስላመማቸው ነበር የምንለው።

በየትኛው ሌሊት? ሌሊት የምለውም በግምት ነው፤ ቀን ቢሆን ሰው ሁሉ ያወራው ነበር። በልጅነቴ አንድ ጊዜ መብራት ጠፍቶ፣ በሩ ተቀርቅሮ፣ የጋሼ ባለቤት እትዬ እኔንና እህቴን ከአልጋው ሥር አስገብተው አፋችንን በእጃቸው እንደያዙን ትዝ ይለኛል። ትዝ ይለኛል ልበል እንጂ እውነት ይሁን ዛሬ ጥላሸቱን ካየሁ በኋላ ልቤ የፈጠረው ይሁን መለየት አቃተኝ። እህቴን ልጠይቃት ስልኬን አንሥቼ መልሼ አስቀመጥኩት። እርሷ ከኔ ታንሳለች፤ ካላስታወሰች ለሷም ሌሊት መፍጠር ይሆንብኛል።

የሚያውቁት እትዬ ናቸው። ጠመንጃውን ሲያስረክቡኝ የተናገሩት አንድ ነገር ነበር፤ «እንዲሁ ይቀመጥ ልጄ፤ አትክፈተው» አሉኝ። ያኔ ኀዘኑ ገና ስለነበር የባላቸውን እጅ የነካውን ነገር ሌላ እንዳይነካው የፈለጉ መስሎኝ እሺ አልኩ። አሁን ሳስበው አንድ ሰው እንዲህ የሚለው ውስጡ ያለውን ሲያውቅ አይደለምን? ካወቁስ፣ ያንን ሁሉ ዓመት ልብሳቸውን ከዚያ ቁም ሣጥን እያወጡ ሲለብሱ፣ እኛን ከኮቶቹ ኋላ ፈልገው ሲያወጡ፣ እንዴት ቻሉት?